ሰንጢው ከኪስ ወይስ ከሣጥን?



ሰው ቴምብር ይሰበስባል፤ አሮጌ ገንዘብ ይሰበስባል። ቴምብር ሰብሳቢውን «ለምን ደብዳቤ ላይ ለጥፈህ አትልክበትም?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሰንጢ ሰብሳቢውን ግን ስብስቡን ያየ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ለመሆኑ ትቆርጥበታለህ?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰብሳቢዎቹን ራሳቸውን ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነው። ንብረት ይዘን ለልጅ ለምናወርስ ሁላችንም የሚያሳስብ ነገር ስላለበት በዚህ ወር ዓምዳችን እናየዋለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ያልተነካው ለምን ይወደዳል?

በአሜሪካ፣ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ ብራድፎርድ በምትባል ከተማ ኬዝ የተባለ የታወቀ ሰንጢ ሠሪ ፋብሪካ አለ። ይህ ፋብሪካ በ1970 አንድ ልማድ ጀመረ። ስለቱ ከእጀታው በሚጋጠምበት ሥር፣ ከስሙ በታች አሥር ጥቃቅን ነጥቦች ማተም ያዘ። በተከታዩ ዓመት አንዷን ቀንሶ ዘጠኝ አደረጋቸው፤ በሚቀጥለው ስምንት፤ እንዲህ እያለ በ1979 አንዲት ነጥብ ብቻ ቀረች። እንግዲህ የሚያውቅ ሰው ሰንጢውን ገልጦ ነጥቦቹን በመቁጠር ብቻ «ይህ የ1974 ነው» ይላል ማለት ነው። ሰብሳቢውን የሚማርከው አንዱ ይኸው ነው። በእጁ የያዘው ቁራጭ ብረት ልክ እንደ መጽሐፍ ይነበብለታል።

ታዲያ ይህ ሰው ሰንጢውን ለመጠቀም ለምን ይፈራል? ምክንያቱ መሳል ነው። ስለት በተሳለ ቁጥር ከብረቱ ጥቂት ይበላል። ዓመታት ሲያልፉ ሰፊ የነበረው ስለት ይቀጥናል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ውበት ይጠፋል፤ ኪስ ውስጥ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ እጀታው ይፋቃል። ገበያ ላይ ደግሞ ተስሎ የማያውቅ፣ ከነካርቶኑ የተቀመጠ ሰንጢ ብዙ ጊዜ ከተሠራበት መሰሉ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ባለቤቱ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ ካዝና ውስጥ ይከተዋል። አልፎ አልፎ አውጥቶ ይከፍተዋል፤ ሲዘጋው «ቀጭ» የሚለውን የሞላውን ድምፅ ሰምቶ ይመልሰዋል። እንዲህ ያለውን ሰንጢ አሜሪካኖቹ ሰብሳቢዎች በቀልድ «የካዝና ንግሥት» ይሉታል።

ይህን ሰው ለመንቀፍ አንቸኩል። የድሮ ባለ ሙያ ምን ያህል የተጣራ ሥራ ይሠራ እንደነበር ዛሬ የምናውቀው ሳይነካ ያስቀመጠልን ሰው ስለ ነበረ ነው። እንዲያውም ለመቁረጫነት ጭራሽ ያልታሰቡም አሉ። በእንግሊዝ አገር፣ በስለት ሥራ በታወቀችው ሸፊልድ ከተማ፣ ጆሴፍ ሮጀርስ የተባለው ድርጅት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከ1,800 በላይ ስለቶች ያሉት ሰንጢ ሠርቶ ነበር። የትኛው ኪስ ይችለዋል? የተሠራው የእጅ ጥበብን ለማሳየት ነው፤ ሥራውም መታየት ነው።

ሣጥንም ያበላሻል

ይሁን እንጂ «ካልነካሁት አይበላሽም» የሚለው ሐሳብ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ሰብሳቢዎች በኪሳራ የተማሩት አንድ ነገር አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሠርት የብዙ ሰንጢዎች እጀታ ይሠራ የነበረው ሴሉሎይድ ከሚባል፣ የቀንድና የዛጎል መልክ ከሚሰጠው ነገር ነው። ሴሉሎይድ ሲያረጅ አሲድነት ያለው ትነት ያወጣል። ታፍኖ በተቀመጠበት መሳቢያ ውስጥ የራሱን ስለት ያዝገዋል፤ አልፎ ተርፎም አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሰንጢ ይበላዋል። ቆዳም እንዲሁ ነው። አፎቱ ያማረ ቢሆንም ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ቆዳው የተለፋበት ቅመምም ብረትን ያጠቃል። ሰንጢን ለረጅም ጊዜ በቆዳ አፎት ውስጥ ዘግቶ መተው ከዝገት ጋር አብሮ እንደ መዝጋት ይቆጠራል።

እንግዲህ ሰውየው ሰንጢውን ከሥራ አድኖ፣ ካዝና ውስጥ ለዝገት አሳልፎ ሰጠው ማለት ነው። ኪሱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ በጀመረ በሳምንቱ ባየው ነበር። ያልተሠራበት ሰንጢ ከተሠራበት ያነሰ ሳይሆን የበለጠ ጠባቂ ይፈልጋል። በየጊዜው መገለጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል፣ ጥቂት ዘይት መቀባት፣ ሴሉሎይድ የሆነውንም ከሌሎቹ ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው ሰብሳቢ ሳይሆን አከማቺ ነው።

ለሥራ የተወለዱት

አሁን ደግሞ ወደ ኪስ እንሻገር። ካርል ኤልሰነር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ በ1884 የስለት መሥሪያ ከፈተ፤ በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ያ ሰንጢ ስለት፣ ወስፌ፣ የጣሳ መክፈቻና ካቻቢቴ ነበረው። ወታደሩ ምግቡን እንዲከፍትበት፣ ጠመንጃውንም እንዲፈታበት የታሰበ ነው። በ1897 ደግሞ ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የመኮንኖች ሰንጢ ተከተለ። በፈረንሳይ ሳቮዋ አውራጃ ጆሴፍ ኦፒኔል በ1890 ገደማ የሠራው የእንጨት እጀታ ያለው ሰንጢም የገበሬና የእረኛ ዕቃ ነበር፤ ዳቦና አይብ ይቆርጣል፤ የወይን ሐረግ ይገርዛል።

የኦፒኔል ተራ ብረት ፍራፍሬ ሲቆረጥበት ይጠቁራል። የማያውቅ ሰው «ተበላሸ» ይላል። የሚያውቅ ግን ያ ጥቁረት ቀዩን ዝገት በተወሰነ ደረጃ እንደሚከላከል ይረዳል፤ ሰብሳቢዎችም ከነጥቁረቱ ይወዱታል። ሽንኩርት፣ ብርቱካንና ሥጋ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልክ ስለሚተዉበት፣ ለዓመታት የተሠራባቸው ሁለት ሰንጢዎች አንድ ዓይነት መልክ አይኖራቸውም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ሰንጢ የፋብሪካውን ታሪክ ሲናገር፣ ኪስ የኖረው የባለቤቱን ታሪክ ይናገራል።

ኪስም ወሰን አለው

ወጣቶች ሆይ! «እንግዲያው ሁሉም ሰንጢ ይያዝ» ማለታችን ግን አይደለም። ስለት መሣሪያ ነው፤ በክፉ እጅ ደግሞ የጦር መሣሪያ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ሕግ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የማይቆለፍ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ነው፤ የስለቱም ርዝመት ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ሲከፈት የሚቆለፍ ከሆነ፣ ርዝመቱ ምንም ያህል ቢያንስ፣ ለመያዙ በቂ ምክንያት ያስፈልጋል። እዚያ የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ልዩነት ሳያውቁ ቢገኙ አለማወቃቸው አያድናቸውም። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላም በአሜሪካ ትንሿ ሰንጢ ሳትቀር ከአውሮፕላን ውስጥ ተከልክላለች። በ2013 አሜሪካ ትናንሾቹን ልትፈቅድ አስባ ተቃውሞ ስለ በረታ ተወችው።

ጃፓን ደግሞ ለመምህርና ለወላጅ የሚሆን ምሳሌ አላት። እኛ እርሳስ በምላጭ እንደቀረጽን ሁሉ የጃፓን ተማሪዎች ሂጎኖካሚ በተባለች ርካሽ ታጣፊ ሰንጢ እርሳስ ይቀርጹ ነበር። በ1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢኔጂሮ አሳኑማ በአንድ የ17 ዓመት ወጣት በስለት ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ስለትን ከልጆች እጅ የማውጣት ዘመቻ ተስፋፋ፤ የእርሳስ መቅረጫም ቦታውን ወሰደ፤ ሂጎኖካሚ ከተማሪ ቦርሳ ጠፋች። ዛሬ ከሚፈልጓት መካከል ሰብሳቢዎች ይገኙበታል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ የልጅ የትምህርት መሣሪያ የነበረችው የስብስብ ዕቃ ሆነች። አባቶች ያወቁትን፣ ጣትን ከስለት አርቆ የመቁረጥ ጥበብ፣ ልጆች ከማን ይማሩት?

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ልምድ ያላቸው ሰብሳቢዎች ዘንድ የተለመደ አንድ መንገድ አለ። ብርቅ የሆነውን፣ ቢጠፋ የማይተካውን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያው ዓይነት የተሠራበትንና ርካሹን ገዝተው ኪሳቸው ይከታሉ። ሌሎች ደግሞ ሰንጢዎቻቸውን በተራ ይይዛሉ፤ ይህን ሳምንት አንዱን፣ የሚቀጥለውን ሌላውን። ፖስታ ይከፍቱበታል፤ ገመድ ይቆርጡበታል፤ ብርቱካን ይልጡበታል። የእጅ ሥራ የሚያደንቅ ሰው ሥራውን በሥራ ላይ ካላየ ምኑን አደነቀው? ብረቱ ስለት ይይዝ እንደሆነ፣ እጀታው ለእጅ ይመች እንደሆነ በመስኮት በማየት አይታወቅም።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከእነዚህ ጋር ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ ውርስ ነው። አባት አርባ ሰንጢ በካዝና ቆልፎ ቢሞት፣ ልጁ የሚያገኘው የማያውቀውን ብረት ነው። የትኛው ብርቅ፣ የትኛው ተራ እንደሆነ አይለይም፤ ነጥቦቹን መቁጠር ማንም አላስተማረውም። አንዳንዱ በጅምላ ይሸጣል፤ አንዳንዱ «ላሳምረው» ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ዋጋውን በአንድ ከሰዓት ያጠፋዋል። አባቱ አንዷን ሰንጢ ሲወለውላት፣ ሲስላት፣ ብርቱካን ልጦ ሲያካፍላት ያየ ልጅ ግን ያቺን አንዷን ለማንም አይሸጥም። የሌሎቹንም አያያዝ ከእርሷ ተምሯል።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ የአያት ወይም የአባት ሰንጢ ተቀምጦ ከሆነ፣ ዛሬ አውጡት። በማሽን አታስፈጉት፤ በጨርቅና በጥቂት ዘይት ቀስ እያላችሁ ወልውሉት። የማን እንደነበር፣ የት እንደተገዛ፣ ምን እንደተሠራበት በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ተራ የሆነውን አንዱን ሳሉና፣ ዕድሜው ለደረሰ ልጃችሁ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እንዴት እንደሚከፈት፣ ስለቱ ወዴት እንደሚዞር፣ እንዴት ለሌላ ሰው እንደሚቀበል አሳዩት። የዶለዶመ ስለት ኃይል ስለሚጠይቅና ስለሚያንሸራትት ከተሳለው ይልቅ እጅ እንደሚቆርጥም ንገሩት። ይህን ትምህርት ካዝና አይሰጠውም።