አምስት ሚዜ፣ አንድ ምላጭ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ምላጭ ነው። «ምላጭ ደግሞ ምን ይጻፍበታል?» የምትሉ እስከ መጨረሻው ታገሱን።

ነገሩ የሆነው ሉማሜ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ስትሄዱ የምታገኟት የአዋበል ወረዳ ከተማ ማለታችን ነው። ወሩ ጥር፣ ቀኑ ሰርግ፣ እኛ ደግሞ ሚዜዎች። በጠዋት ተሰብስበን ፀጉር ቤት ገባን። ቶንዶሱ ሥራውን ሲጨርስ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ምላጭ ለሁለት ሰበረና ግማሹን እጀታው ውስጥ ከተተ። ማጅራት አስተካከለ፣ ፂም ላጨ። አንዱ ሚዜ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል፤ ምላጩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። በየመሀሉ ስፒሪት በነካ ጥጥ ጠረግ ይደረጋል፣ በቃ።

ሦስተኛው ላይ ስንደርስ አንዱ ጓደኛችን «አዲስ ምላጭ የለም ወይ?» አለ። እኛስ ምን አልን? ሳቅንበት። «ምነው፣ ጠረጠርከን እንዴ?» አልነው። እሱም አፈረና ዝም ብሎ ተቀመጠ። ሱቁ እኮ ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ነበር! ያልላክነው ገንዘብ አጥተን አይደለም። ይሉኝታ ይዞን ነው።

አበው «ውሃ ቢያንቅ በምን ይውጡ፣ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላሉ። እብጠት የሚበጣው ምላጭ ራሱ በሽታ ተሸካሚ ሲሆን መድረሻው የት ነው?

ስለ ኤች አይ ቪ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። «ስለታም ነገሮችን በጋራ አትጠቀሙ» የሚለውን ትምህርት በቃላችን እናውቀዋለን፤ የክፍል ፈተና ላይም መልሰነዋል። ፀጉር ቤት ስንገባ ግን ትምህርቱን በር ላይ ትተነው እንገባለን። ደግሞ ኤች አይ ቪ ብቻ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ሳይቀር፣ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል። ዓይን የማያየው የደም ጠብታ ይበቃዋል። በጥጥ ጠረግ ማድረግ፣ በላይተር ለብለብ ማድረግ ለልብ ማረፊያ ነው እንጂ ዋስትና አይሆንም። የዚህ በሽታ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ሰዎች፣ ማለትም ያን ቀን የተደረደርነው ሚዜዎች በሙሉ፣ በሕፃንነታችን አላገኘነውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እኛ መፍትሔውን ያገኘነው በአባቶቻችን ሣጥን ውስጥ ነው። ያቺ ምላጭ የምትገባባት የብረት መላጫ ትዝ ትላችኋለች? ክዳን፣ ጥርስና እጀታ፤ ሦስት ቁራጭ ብረት ናት። መምህሩም፣ ወታደሩም፣ ጸሐፊውም ይላጩባት ነበር። አሜሪካዊው ኪንግ ጂሌት ተጥሎ በሌላ የሚተካ ስስ ምላጭ ያለውን መላጫ መሸጥ በጀመረበት በ1903 እ.ኤ.አ. የሸጠው 51 መላጫ ብቻ ነበር። በዓመቱ ቁጥሩ ከ90 ሺህ አለፈ። የሐሳቡ ቁም ነገር ቀላል ነው፦ እጀታው ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ምላጩ ይቀየራል፣ ሰውየውም ራሱን በራሱ ይላጫል። የማንንም ደም አይነካም፣ የማንንም ይሉኝታ አይፈራም።

«ዘመናዊው የፕላስቲክ መላጫ እያለ ምን ወደ ኋላ ይመልሰናል?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ባለ ሁለት ምላጩ በ1971፣ ባለ ሦስቱ በ1998፣ ባለ አምስቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጡ። ምላጩ ሲበዛ አንዱ ፀጉሩን ይስበዋል፣ ተከታዩ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ለዞማ ፂም ይህ ላያስቸግር ይችላል። የእኛ ግን ጥቅልል ነው፤ ሲያድግ ተመልሶ ቆዳችን ውስጥ ይገባና አገጫችንን በሽፍታ ይሞላዋል። አንድ ምላጭ ብቻ ያላት የብረት መላጫ ለጥቅልል ፂም ትሻላለች። ፊትን በሞቀ ውሃና በሳሙና ማለስለስ፣ ፂሙ ወደሚያድግበት አቅጣጫ መላጨት፣ አለመጫን። ምስጢሩ ይኸው ነው።

በእርግጥ ፀጉር ቤቶች ይዘጉ እያልን አይደለም። ፀጉር አስተካካዩ ልጅ የሚያሳድግ፣ ኪራይ የሚከፍል ወንድማችን ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ ቢያወጣ ኪሳራው ለምን በእሱ ላይ ብቻ ይወድቃል? ዋጋው ላይ ይጨምር፣ እኛም ሳናጉረመርም እንክፈል። ለቡና የማንሰስተውን ገንዘብ ለደማችን ለምን እንሰስታለን? ምላጩንም ከነወረቀቱ ዓይናችን እያየ ይክፈተው። ያገለገለውን ደግሞ መንገድ ላይ ከመጣልና ጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከመሰካት ይልቅ በባዶ ጣሳ ማጠራቀም ይቻላል። በባዶ እግራቸው የሚሮጡ ሕፃናት አሉና።

ቤታችንም ያው ነው። የሕፃናቱን ቁንጮ ስናስተካክል፣ በለቅሶ ጊዜ እናቶቻችን ፀጉራቸውን ሲላጩ፣ አንድ ምላጭ ስንት ራስ ላይ ይዞራል? ማንም በክፋት አያደርገውም። የምንዋደድ ስለሆንን ነው የማንጠነቀቀው። ፍቅር ግን ቫይረስ አያግድም።

ከሰርጉ በኋላ ጓደኛችንን ይቅርታ ጠይቀነዋል። ተመርምረናልም። ደግነቱ ሁላችንም ደህና ነን፤ ውጤቱን የጠበቅንባቸውን ቀናት ግን ለጠላታችንም አንመኝም። አሁን እያንዳንዳችን የየራሳችን መላጫ አለን። ፀጉር ቤት ስንገባም መጀመሪያ «አዲስ ምላጭ አውጣልን» የምንለው እኛ ነን። የሚስቅብን ካለ ይሳቅ።

ቸር ይግጠመን።