የተሸናፊው ስም ሚዛን አይሆንም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐረር ጁገል ውስጥ፣ አንድ ወዳጄ ቤት፣ ነደባ በሚባለው መደብ ላይ ተደግፈን ቡና እየጠጣን ነበር። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው በስፌት ተሸፍኗል፣ መደቡ በቀይ አፈር ተቀብቷል። የወዳጄ ልጅ ከጓደኛው ጋር ስልክ ላይ አጎንብሶ የድሮ የቦክስ ግጥሚያ እያየ ይከራከራል። ጆ ሉዊስ ይበልጣል፣ አይበልጥም ይባባላሉ። በመጨረሻ ክርክሩ፣ እንዲህ ያለ ክርክር ሁሉ በሚዘጋበት ቃል ተዘጋ፦ «ማንን አሸንፎ ነው?»

እኔም የሀገራችን ሰው ቢነሳ ነገሩ ይለወጣል ብዬ ሯጩን ምሩጽ ይፍጠርን አነሳሁ። ልጁ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አቦ ጋሼ፣ ሞስኮ ኦሊምፒክ ላይ እኮ አሜሪካም ኬንያም አልነበሩም። ማንን አሸንፎ ነው?» አለኝ። የያዝኩት ቡና አልወርድ አለኝ።

ልጁን ለመውቀስ አልጽፍም። ቃሉን ከእኛ ነው የሰማው። በየቡና ቤቱና በየሬዲዮው ጀግናን የምንመዝነው በተሸናፊዎቹ ዝና ነው። ልማዱ አዋቂነት ይመስላል፤ እኔ ግን ፍርደ ገምድል ነው እላለሁ። አሸናፊውን ስላልመረጠው ዘመን ይቀጣዋል፣ ተሸናፊውንም ስሙ ስላልታወቀ ብቻ ከሰው በታች ያደርገዋል።

የምሩጽን ነገር ከሥሩ እንየው። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ቀድመውት የገቡት የፊንላንዱ ላሲ ቪረንና የቤልጂየሙ ኤሚል ፑትማንስ ነበሩ። በ5 ሺው ሳይሰለፍ ቀረ። ቁጭቱን ይዞ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ሲደርስ፣ ኒውዚላንድ የራግቢ ቡድኗን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ልካ ሳለ እንዳትታገድ በመደረጉ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ20 በላይ የአፍሪካ ሀገሮች ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ። ምሩጽ በሌለበት ቪረን 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቅልሎ ወሰደ።

እንግዲህ ሚዛኑን ተመልከቱ። የቪረን የሞንትሪያል ወርቅ ሲወራ «አፍሪካውያን እኮ አልነበሩም» ብሎ የሚጀምር ሰው እኔ አልገጠመኝም። የምሩጽ የሞስኮ ወርቅ ሲነሳ ግን «አሜሪካ አልነበረችም» የማይል የለም። ሁለቱም ኦሊምፒኮች ጎዶሎ ነበሩ። የአንዱ ጉድለት ተረሳ፣ የሌላው በአሸናፊው ሜዳልያ ላይ ተጻፈ። ቪረን ታላቅ ሯጭ ነው፤ ክብሩ ይቀነስ አልልም። ለእሱ የተሰጠው ፍርድ ለእኛም ሰው ይሰጠው ነው የምለው።

ደግሞስ ምሩጽ አሜሪካውያንን አልገጠመም ያለው ማነው? በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ዱሰልዶርፍ በተካሄደው የአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካን ማልያ ለብሶ ተሰለፈ። አሜሪካም የራሷን ቡድን አሰልፋ ነበር። 5 ሺውንም 10 ሺውንም እሱ አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዋንጫው ተመልሶ ሲመጣ ቦታው ሞንትሪያል ነበር፣ በኦሊምፒክ ዕድሉ ያመለጠው ከተማ። እዚያም ሁለቱንም ርቀት ደገማቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ሞስኮ የመጣው። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሜትር ምሩጽ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ተራ በተራ እየመሩ፣ ሩጫውን አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያቀዘቀዙ የሌሎቹን እግር ፈቱት። 300 ሜትር ሲቀር «ማርሽ ቀያሪው» የሚባለው ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገባ። ከድር ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጡ። አምስተኛው ቪረን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ምሩጽ 5 ሺውንም ጨመረው።

«ደካማ ሜዳ» ከተባለው የሞስኮ ውድድር ሦስተኛ የወጣው ከድር በመጋቢት 1974 ዓ.ም. ሮም ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው አልቤርቶ ሳላዛር ነበር። ከሞስኮ የቀረችው ሀገር ሯጭ በሞስኮው ሦስተኛ ተቀደመ ማለት ነው። ከድር በ1972 ዓ.ም. ደካማ የተባለው እግሩ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ስሙን የሚያውቀው ስላልነበረ ነው። የልማዱ ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው፤ ብርታት የምንለው ብዙ ጊዜ ዝና ነው። ዝናን የሚያከፋፍሉት ደግሞ ካሜራና ጋዜጣ ያላቸው ናቸው።

ወደ ቦክሱ ልመለስ። በሐምሌ 1974 ዓ.ም. ሜክሲኳዊው የዓለም ሻምፒዮን ሳልቫዶር ሳንቼዝ ኒውዮርክ ላይ ቀበቶውን ለመከላከል ወጣ። ተጋጣሚው በሌላ ሰው ፈንታ በአጭር ማስታወቂያ የተጠራ የጋና ልጅ ነበር። ያ የማይታወቅ ልጅ ሻምፒዮኑን እስከ 15ኛው ዙር አስጨነቀው፤ ሳንቼዝ ያሸነፈው እዚያ ደርሶ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሳንቼዝ ገና በ23 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። «ማንን አሸነፈ?» የሚለው ሰው ያን ጊዜ ቢጠየቅ «ከማይታወቅ ጋናዊ ጋር ታግሎ በመከራ አመለጠ» ብሎ ይፈርድ ነበር። ጋናዊው ግን አዙማ ኔልሰን ነበር። ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ዛሬ በአፍሪካ ቦክስ ታሪክ ከማንም በፊት የሚጠራ ስም ነው። የሳንቼዝ ድል ክብደት የታወቀው እሱ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው። እንዲህ በሚዘገይ ሚዛን ሰውን በቁሙ እንዴት እንመዝናለን?

ጆ ሉዊስ ደግሞ የከባድ ሚዛን ቀበቶውን 25 ጊዜ ተከላክሏል። በየወሩ ያህል ይገጥም በነበረበት ጊዜ የአሜሪካ ጋዜጦች ተጋጣሚዎቹን «የወሩ ከርታታ» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። ከዚያ ሰልፍ መካከል ግን በሰኔ 1933 ዓ.ም. ቢሊ ኮን ወጥቶ በነጥብ ሊያሸንፈው ደረሰ፤ ሉዊስ በ13ኛው ዙር በዝረራ ባይጥለው ኖሮ ቀበቶው ይሄድ ነበር። የቀሩት ተጋጣሚዎች ትንሽ የመሰሉት ሉዊስ በመታቸው ነው። አሸናፊው በጣም ሲበረታ ተሸናፊዎቹ ያንሳሉ፤ ተመልሰን በእነሱ ማነስ አሸናፊውን እናሳንሳለን። በዚህ መንገድ ጎበዝ በጎበዝነቱ ይከሰሳል።

ጥያቄው ከንቱ ነው አልልም። በፕሮፌሽናል ቦክስ ግጥሚያ የሚያዘጋጁ ነጋዴዎች ለልጃቸው የሚወድቅለትን ሰው እየመረጡ 20 እና 30 ድል እንደሚያስቆጥሩ የታወቀ ነው። ተገቢው ተፎካካሪ በር እያንኳኳ ሳለ ዘወር የሚል ሻምፒዮን መወቀስ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያጋልጠው ጥያቄ ግን «ከማን ሸሸ?» የሚለው ነው። ማን እንደሚመጣለት ሻምፒዮኑ አያዝም፤ መሸሽና አለመሸሽ ግን በእጁ ነው። ሰው የሚጠየቀው በእጁ ባለው ነው።

ይህ ነገር ለሐረር ልጅ ሩቅ ወሬ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የሚሮጥ፣ በጨርቅ የተሞላ ጆንያ አንጠልጥሎ ቡጢ የሚለማመድ ልጅ በየሰፈሩ አለ። አሸንፎ ሲመለስ የጣለው ልጅ የድሬዳዋ ወይም የጅግጅጋ ነው፤ ስሙን ማንም አያውቀውም። እኛም «ማንን አሸንፎ ነው?» ብለን እናሰናብተዋለን። የተሸነፈው ልጅም እንደሱ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ነው። በአንድ ቃል የሁለት ልጆችን ላብ መሬት እናፈሳለን፤ ከዚያ ዞረን ሀገራችን በቦክስ ለምን የኦሊምፒክ ሜዳልያ እንደሌላት እንጠይቃለን።

ያን ቅዳሜ ለወዳጄ ልጅ አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቅኩት፦ «ምሩጽ ከማን ሸሸ? አንድ ስም ጥራልኝ።» ዝም አለ። ስልኩን አንስቶ የሞስኮውን 10 ሺህ ፈለገ። ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ የመጨረሻውን ዙር ሁለቴ አየው። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ አዞረና በጣቱ እያመለከተ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ወደ ኋላ የቀረው ረጅሙ ሰውዬ ማነው?» አለኝ።

«ቪረን ነው» አልኩት።