መሰንቆውን ማን ይሸልመው?

«ቴክኖሎጂና ገንዘብ ጥበባችንን ገደሉት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ አንድ ነገር ልጠይቀው እወዳለሁ፦ አዝማሪ መቼ ነው በነጻ የዘፈነው? ጎንደር ውስጥ ገንዘብ የአዝማሪው ጠላት ሆኖ አያውቅም፤ የጨዋታው አካል ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልስለታል። ስሙን ጠይቆ ያነሳሳዋል፣ ኪሱን ሲያጠብቅበት ደግሞ በሰምና ወርቅ ይሸነቁጠዋል። ብሩ ግንባር ላይ ሲለጠፍ ቤቱ በሙሉ ያያል። ከፋይ፣ ተከፋይና ምስክር እዚያው ናቸው። እኔ ኮድ ጽፌ የማድር ሰው ነኝ፤ ከዚህ የጠራ የክፍያ ሥርዓት ብዙም አላየሁም።

ማሽኑም ቢሆን ዛሬ የመጣ እንግዳ አይደለም። ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ጀርመን የሄዱት መኪና መንዳትና መጠገን ሊማሩ ነበር። እግረ መንገዳቸውን ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ፤ የአገራችን የሙዚቃ ቅጂ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ኋላ ደግሞ ነጋድራስ ሆኑ፤ የንግድና የጉምሩክ ሹም ማለት ነው። መካኒክ፣ ገጣሚ፣ የነጋዴ አለቃ፣ ሁሉም በአንድ ሰው! ከመቶ ዓመት በኋላ «ኢትዮፒክስ» 27ኛ ቅጹን ለእነዚያ ቅጂዎች ሲሰጥ፣ ሽፋኑ ላይ የወጣው የተሰማ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ፣ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ደፍሮ የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁምም ነጋዴ ነበር። ህንድ አገር የታተመው ሸክላ ላይ ግን የዘፋኙ ስም አለ።

ስለዚህ ክሴ ገንዘብ ገባ አይደለም። ገንዘቡ አዝማሪው በሌለበት በር ገባ ነው።

ኮሶዬን ውሰዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትሄዱ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳትደርሱ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ያንን የተራራ ሰልፍ አይቶ ስልኩን የማያወጣ ሰው የለም። መሰንቆ የያዘ ልጅ ካለ ይመታል፤ ስለ እንግዳው ባርኔጣ፣ ስለ ሙሽራዋ ዓይን እዚያው ገጥሞ ይዘፍናል። ጥቂት ብር ይሰጠዋል፣ መኪናው ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ያው የድሮው ውል ነው። ቪዲዮው ሲጫን ግን «አርቲስት» የሚለው ሳጥን ውስጥ የሚገባው የቻናሉ ስም ነው። አለዚያም «ባህላዊ» ይባላል።

ይቺ «ባህላዊ» የምትባል ቃል እኛ ዘንድ «ባለቤት የለውም» ማለት ሆናለች። ዜማው የአያት የቅድመ አያት ሊሆን ይችላል፤ ስለ ባርኔጣው የተገጠመው ስንኝ ግን የዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የዚያ ልጅ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኙ ክዋኔው እንዲቀረጽ የመፍቀድም የመከልከልም መብት አለው ይላል። ማን ጠየቀው? ድምፁ ተቆርጦ የሌላ ሰው ዘፈን መግቢያ ሲሆንስ? የመድረኮቹ አልጎሪዝም የሚያውቀው ማን እንዳስመዘገበ እንጂ ማን እንደዘፈነ አይደለም። ልጁ የራሱን መሰንቆ ቢጭን «የሌላ ሰው ንብረት ነው» ሊባል ይችላል።

ከሌቦቹ ይልቅ የሚያናድዱኝ ግን ደጎቹ ናቸው፤ የኔ ሙያ ሰዎች። «ቅርሳችንን በዲጂታል እናድን» ብለው ይመጣሉ፣ ይቀርጻሉ፣ ፋይሉን ቁጥር ይሰጡታል፣ ሰውዬውን እዚያው ጥለውት ይመለሳሉ። ምኑ ነው የዳነው? ድምፁ? የአዝማሪ ጥበብ እኮ ከፈረስ ጭራ የሚወጣ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ሲተያዩ የሚፈጠር ነገር ነው። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሰንቆ እናስተምረው የሚል ወሬ አለ። ይማር። ስንኝ መቀበልም ይችል ይሆናል። ብሩ የሚለጠፍበት ግንባር ግን የታል?

አዲስ መተግበሪያ እንሥራ አላልኩም፤ እባካችሁ፣ አንድ ተጨማሪ መተግበሪያ አንፈልግም። የምለው ተራ ነገር ነው። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። ከቪዲዮው ሥር ስሙን ጻፉ፤ ከፈቀደ የቴሌብር ቁጥሩንም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ። በመንገዱ ላይ እንግዳ በጠፋባቸው ወራት እንኳ ቪዲዮው መታየቱን አላቆመም፤ ያየው ሰው ካለበት ሆኖ አሥር ብር ቢልክ ያቺ የድሮዋ ሽልማት ናት፣ መንገዷ ረዘመ እንጂ።

«የገጠር አዝማሪ ስማርት ስልክ የት አለው?» የሚል መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ቴሌብር በተራ የቁልፍ ስልክም *127# ብሎ ይሠራል። ደግሞስ ዳባት ላይ ሰርግ ያለው ሰው አዝማሪውን በምን ደውሎ የሚጠራው ይመስላችኋል?