የከብት በሽታ የወረዳ ወሰን አያውቅም

ክቡር ዋና አዘጋጅ፥

ስለ ከብት ክትባት አሰጣጥ ያለኝን አስተያየት በአንባብያን አምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጉዳዩ የገበሬና የአርብቶ አደር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የክትባቱ ዕቅድ የሚነደፈውና የነዳጁ ወጪ የሚፈረመው በእኛው በጽሕፈት ቤት ሠራተኞች እጅ መሆኑን ያስብልኝ። የበዓል በግ ዋጋ የሚያሳስበን መሆኑንማ መናገር አያሻም።

እኔ እንደማውቀው ክትባት ሲመጣ በወረዳ ይደለደላል፤ ለዚህኛው ይህን ያህል ሺሕ፥ ለዚያኛው ያን ያህል ሺሕ እየተባለ። ይህ ለሒሳብና ለሪፖርት የተመቸ ነው። ለበሽታው ግን ወረዳ ማለት ምንም አይደለም። በሽታው የሚሄደው ከብቱ በሚሄድበት ነው፤ ከብቱም የሚሄደው ውኃ፥ ሣርና ገበያ ወዳለበት ነው። ገደል ለያይቷቸው የአንዱ ጭስ ለሌላው የሚታይ ሁለት መንደሮች፥ ከብቶቻቸው ዓመቱን ሙሉ ሳይገናኙ ሊኖሩ ይችላሉ። የሁለት ቀን መንገድ የተራራቁ ሁለት ቀበሌዎች ግን በአንድ ገበያ የሚገበያዩ እንደ ሆነ ለበሽታው ጎረቤታሞች ናቸው።

የባቲን ገበያ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባቲ ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት ቁልቁለት ላይ ያለች ከተማ ናት። ሰኞ ሰኞ ከታች የአፋር ግመልና ፍየል ይወጣል፤ ከላይ ደግሞ ደገኛው ይወርዳል። እንግዲህ የተሸጠው ከብት ብቻ አይደለም የሚያሳስበው። ሳይሸጥ የቀረው ፍየል ቀኑን ሙሉ ከታመሙት ጋር ትከሻ ለትከሻ ሲተሻሽ ውሎ ማታ ወደ መንጋው ይመለሳል። ይህን ፍየል የሚመዘግበው መዝገብ የለም።

በበኩሌ ያየሁትንም ልጨምር። ዘመዶቼ ባሉበት በአንድ የቆላ አፋፍ አገር ሁለት ወረዳዎች በወንዝ ይዋሰናሉ። በበጋ የሁለቱም ወገን በግና ፍየል የሚጠጣው ከአንድ መልካ ነው። የወዲህኛው ወገን ሲከተብ የወዲያኛው «የእናንተ ድርሻ ከሌላው ወረዳ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ብዙ ሳይቆይ ዓይኑ የሚያዝ፥ አፍንጫው የሚዝረከረክና የሚያስቀምጠው በሽታ ገባና አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከዘጠኝ ፍየሎቿ ሁለት ብቻ ቀሩላት። ከታቢውን አልወቅስም፤ በእጁ የነበረው ዝርዝር የሚለው እንደዚያ ነበርና።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። አባቶቻችን «ደስታ» ያሉት የከብት እልቂት (ስሙ ምፀት ይመስላል) በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ ከአገራችን ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀና ክፉ ቀንን እንዳመጣ ይታወቃል። ከዚያም በከብት መንገድ እየወረደ አሥር ዓመት ሳይሞላ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። እርሱን ለማጥፋት ለብዙ ዓመታት በየአገሩ በጅምላ ተከትቧል። በመጨረሻ ባለሙያዎቹ የደረሱበት ግን ሌላ ነው። በደጋ አንዱ ገበሬ ሁለት በሬና አንዲት ላም ይዞ ተበታትኖ ስለሚኖር፥ በሽታው ቢገባም የሚይዘው እያጣ ይጠፋል። በቆላ ግን መንጋው ብዙና ተንቀሳቃሽ ነው፤ በየውኃው ይደባለቃል፤ በየዓመቱም በሽታውን የማያውቅ አዲስ ጥጃ ይወለዳል። ስለዚህ የበሽታው ጎጆ ቆላው ነበር። ሙቀት የሚችልና ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት ሲገኝ፥ የአፋር ተወላጆች ራሳቸው ሠልጥነው፥ መንጋው ወዳለበት በእግራቸው ሄደው ከተቡ። በ1988 ዓ.ም. በአፋር ከታየው ወዲህ በኢትዮጵያ አልታየም፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ድሉ የተገኘው ዶዝ በእኩልነት በማከፋፈል ሳይሆን፥ መልክዐ ምድሩን በማንበብ ነው።

መቸም ይህ የድሃ አገር ጣጣ ነው የሚል እንዳይኖር የእንግሊዝን አገር ልጥቀስ። በየካቲት ወር 1993 ዓ.ም. የአፍና የእግር በሽታ ሲገኝባቸው መንግሥቱ በሦስተኛው ቀን የእንስሳ እንቅስቃሴ አገደ። ነገር ግን ገበያው ቀድሞት ነበር። በሰሜን ካለ አንድ የዓሣማ እርባታ የተነሣው በሽታ በጎች ይዘውት በሄክሳም ገበያ በኩል ወደ ትልቁ የሎንግታውን ገበያ ገብቶ፥ ከዚያ በነጋዴ መኪና እስከ ደቡብ ምዕራቡ ዴቨን ድረስ ተበትኗል። ከሁለት ሺሕ የሚበልጡ እርሻዎች ተይዘው ከስድስት ሚሊዮን የሚበልጥ እንስሳ ተገደለ። መኪናውና መንገዱ ባማረ ቁጥር በሽታውም ይፈጥናል ማለት ነው።

እርግጥ ሁሉም በሽታ በገበያ አይሄድም። ገንዲ ዝንቡ ካለበት ከአባይ፥ ከዴዴሳና ከጊቤ ሸለቆ ብዙም አይርቅም፤ አባ ሰንጋም አንድ ጊዜ በገባበት መሬት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ያደባል። እነዚህ የየራሳቸው ካርታ ያስፈልጋቸዋል።

ዛሬ ግን የሚያስቸኩለው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው። እርሱን በፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ታቅዷል፤ አገራችንም በዚሁ ዕቅድ ውስጥ ናት። ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች በአንድ ገበያና በአንድ ውኃ የሚገናኙትን ወረዳዎች እንደ አንድ አገር ቆጥረው፥ በአንድ ሳምንት፥ ያውም መንጋው በበጋ ከመንቀሳቀሱና የበዓሉ ንግድ ከመሟሟቁ በፊት እንዲያስከትቡ አሳስባለሁ። «ሪፖርቱ ይዛባል» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ሪፖርቱ እንደ ወትሮው በወረዳ ይቅረብ፤ ማንም አይከለክልም። የምጠይቀው በክትባቱ መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንዲት ዓምድ እንድትጨመር ነው፤ ከቀበሌው ስም ቀጥሎ ከብቱ የሚወጣበት ገበያና የሚጠጣበት ውኃ ይጻፍ።

ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ
አዲስ አበባ