የሕፃን እንቅልፍና የአባት ምሽት

መተማ ሲባል አንባቢ አስቀድሞ የሚያስታውሰው በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ጦርነት ነው። ከደጋ ተመድቦ ወደዚህ ቈላ የወረደ ወጣት ሠራተኛ ግን በየማታው ሌላ ጦርነት ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «አልተኛም» ከሚል ሕፃን ጋር የሚደረገው ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ዐይኑ ቀልቶ ቤቴ መጣ። የሁለት ዓመት ልጁ ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት አይተኛም፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ቀን ደግሞ 2 ሰዓት ያህል ያሸልባል። እናቲቱ በድካም ልትወድቅ ደርሳለች። አያቱ «የሰው ዐይን ነው» ይላሉ፤ ጎረቤት «አሞላቃችሁት» ይላል።

እስቲ አንባቢዎቼ፣ ከመፍረዳችን በፊት እንቍጠር። የሌሊቱ 7 ሰዓት፣ የቀኑ 2 ሰዓት፣ በጠቅላላው 9 ሰዓት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ግን የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። እንግዲህ ልጁ እንቅልፍ የጎደለው እንጂ ክፉ አይደለም። የደከመ ሕፃን እንደ አዋቂ ዝም ብሎ አይንጋለልም፤ ይነጫነጫል፣ ይሯሯጣል፣ ያለቅሳል።

ወዳጄን «አንተ ስንት ሰዓት ትገባለህ?» አልሁት። «ከጓደኞቼ ጋር ቆይቼ 3 ሰዓት» አለኝ። ሲገባ ልጁን ወደ ላይ እየወረወረ ያስቀዋል፤ ቀጥሎም በስልኩ ሥዕል ያሳየዋል። «ቀን አላየውም፤ በምን ሰዓት ልጫወት?» ሲለኝ አዘንሁለት። ነገር ግን የሕፃን አካል እንቅልፍን የሚጠራው ጨለማና ጸጥታ ሲያገኝ ነው፤ ብርሃንና ግርግር ያባርሩበታል።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ ቤት ማታም እንደ ምጣድ ይፋጃል። ስለዚህ ቀን መስኮቱን መጋረድ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከፍቶ ማናፈስ፣ ልጁንም ለብ ባለ ውሃ አጥቦ ስስ የጥጥ ልብስ ማልበስ ይበጃል። ብዙ ሰው ግን አልጋውን ወደ ደጅ ያወጣል። ይህ ያለ አጎበር ከሆነ አደጋ ነው። የወባ ትንኝ በሌሊት ትነድፋለች፤ በዋልካው መሬት ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትጠለለው፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም እንዲሁ። ውስጥም ሆነ ደጅ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ከፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ ይዘርጋ።

ሥርዐቱ እንግዲህ ይህ ነው። ልጁ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት ይነሣ። የቀን እንቅልፉ ከቀኑ 9 ሰዓት አይለፍ። ማታ ራት፣ ገላ መታጠብ፣ መብራት መቀነስ፣ አንድ ተረት ወይም እሹሩሩ፣ ከዚያም አልጋ፤ ተራው አይለዋወጥ። ፈጽሞ እስኪያንቀላፋ ሳይታቀፍ፣ ዐይኑ ሲከብድ አልጋው ላይ ይጋደም። ሌሊት ቢነቃ በዝቅተኛ ድምፅ አባብሉት፤ መብራትና ጨዋታ አታምጡ። ከ5 ሰዓት ወደ 2 ሰዓት በአንድ ማታ ለመመለስ መሞከር ልቅሶ ማብዛት ነው፤ በየሁለት ቀኑ 15 ደቂቃ ብታቀርቡት ወር ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ለማስተኛት ብላችሁ የጉንፋን ሽሮፕ ወይም መጠጥ አታቅምሱት። ደግሞም ትኵሳት ይዞት እንቅልፍ ያጣን ልጅ በዚህ ሥርዐት ልታስተኙት አትሞክሩ፤ በዚህ አገር ትኵሳት ወባ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ወዳጄ መጀመሪያ አኵርፎኝ ነበር። አሁን ከቢሮ በቀጥታ ገብቶ ልጁን የሚያጥበው እርሱ ራሱ ነው፤ የሚጫወቱትም ያኔ፣ በሳፋው ዙሪያ፣ ውሃ እየተራጩ ነው። 2 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ጸጥ ይላል። ጓደኞቹ «ሚስቱ አሰረችው» እያሉ ያሙታል። እናቲቱ ግን ከብዙ ወራት በኋላ ራቷን ተቀምጣ መብላት ጀምራለች። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ የማይተኛ ሕፃን ካለ፣ ልጁን ከመቈጣትህ በፊት የራስህን ምሽት መርምር።