ደሙ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም

ለዘረመል ጥናት ደም ስጡ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? አንዳንዶቻችን ፈርተን በር እንዘጋለን፤ ሌሎቻችን በይሉኝታ ሳናነብ እንፈርማለን።

እዚህ ጀጎል ውስጥ ቤቶቻችን ግድግዳ ይጋራሉ፤ የአንዱ ሲነካ የጎረቤቱም ይነካል። ደምም እንዲሁ ነው፤ ስለ ወንድምና ስለ ልጅ ጭምር ይናገራል።

አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. የሕዝቧን የጤና መረጃ በአንድ ቋት የሚሰበስብ ሕግ አወጣች። «አልፈልግም» ያላለ ሁሉ እንደ ተስማማ ተቆጠረ። አንዲት ወጣት ግን የሟች አባቷ መረጃ እንዳይገባ ተከራከረች። በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላት፤ ከአባቷ መረጃ ስለ እርሷም ማወቅ ይቻላልና።

በአገራችንም በወላይታ በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ያጠኑ ተመራማሪዎች አስቀድመው ሕዝቡን አነጋገሩ። ቤተሰቦች «በዘር ነው» ከተባለ መገለሉ እንዳይብስባቸው ይሰጉ ነበር። በ2012 የታተመው የዘረመል ጥናት አንዳንዱ ሰው ለምን ይበልጥ እንደሚጠቃ አመለከተ፤ መከላከያው ግን ያው ጫማ ነው።

እንግዲህ ከመፈረማችሁ በፊት አብራችሁ ተቀመጡና ጠይቁ፦ ደሙ የት ይቀመጣል? ስማችን ይታያል? ለሌላ ጥናት ይተላለፋል? ሐሳባችንን ብንለውጥ ይወገዳል? መጠየቅ ክፋት አይደለም፤ ቤተሰብን መጠበቅ ነው።