በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ስላለው የአሸዋ ኮረብታ አገር

ሰው በከተማ ጢስና በሥራ ብዛት ሲታክት ጥቂት ቀን ወደ ውሃ ዳርና ወደ ዱር ወጥቶ መንፈሱን ለማሳረፍ መውደዱ የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር በሺካጎ ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖረው ሕዝብ ዋናው የማረፊያ ስፍራ በሚሺጋን ሐይቅ ደቡብ ዳርቻ፥ በኢንዲያና ክፍለ አገር የሚገኘው የአሸዋ ኮረብታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ይህ ስፍራ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ እንዲጠራ በ2019 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወሰነ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ከዚያ ወዲህ የጐብኚው ቍጥር እየበዛ ሔዶ በ2021 ብቻ ከሦስት ሚሊዮን አልፏል። ዳሩ ግን ስሙ ብዙውን መንገደኛ ያሳስታል፤ ብሔራዊ ፓርክ ሲባል የሰው እጅ ያልነካው ሰፊ ምድረ በዳ ይመስለዋልና። ስፍራው እንዲህ አይደለም።

ሐይቁ ርዝመቱ ወደ 500 ኪሎሜትር የሚጠጋ፥ ውሃው ጨው የሌለበት፥ ማዶው ለዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ላየው ሰው ባሕር እንጂ ሐይቅ አይመስልም። የሰሜን ነፋስና ማዕበል ብዙ ሺህ ዓመት ሙሉ አሸዋውን ወደ ደቡብ እየገፉ ኮረብታ አድርገው ከመሩት። ፓርኩ ግን ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ስፋቱም ከ6000 ሄክታር እምብዛም አይበልጥም። ያውም አንድ ወጥ መሬት አይደለም፤ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ፥ ወደብና የመኖሪያ መንደር በመካከሉ እየገቡ ቈራርጠውታል። ለመዋኘት የመጣው ሰው ከአሸዋው ላይ ቀና ሲል የፋብሪካውን ጢስ መውጫ ያያል።

ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደ ቻለ ማወቅ ለአስተዳዳሪ ሰው የሚጠቅም ነው። ሚሺጋን ሲቲ በምትባለው ከተማ አጠገብ ሁዚየር ስላይድ የተባለ ቁመቱ 60 ሜትር ያህል የሆነ የአሸዋ ኮረብታ ነበረ፤ ሕዝቡም ለመዝናናት ይወጣበት ነበር። አሸዋው ለብርጭቆና ለጠርሙስ ሥራ የተስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በባቡር እየተጫነ ተጓዘና ከ1920 ጥቂት በኋላ ኮረብታው ፈጽሞ ጠፋ። ኮረብታን ያህል ነገር ጭኖ መጨረስ ይቻላል ብሎ አስቀድሞ የጠረጠረ ሰው አልነበረም ይሆናል። ዛሬ በስፍራው ላይ የቆመው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነው።

የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሄንሪ ካውልስ ከሐይቁ ዳር ተነሥተው ወደ ውስጥ እየተራመዱ፥ መጀመሪያ ሣር፥ ቀጥሎ ጥድ፥ ከዚያም ወዲያ የባሉጥ ዱር እንዴት እየተተካካ እንደሚበቅል አጥንተው በ1899 ጽፈው ነበር። በአሸዋው ላይ የሚገኘው የዕፅ ዓይነት ከ1000 በላይ ነው። በ1916 የብሔራዊ ፓርኮች የበላይ ስቲቨን ማዘር ሺካጎ ላይ ጉባኤ ሰብስበው ስለ ስፍራው መጠበቅ ምስክር ሰሙ፤ ካውልስም ከመስካሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ነገር ግን በዓመቱ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ገባችና ጉዳዩ ተረሳ። የኢንዲያና ክፍለ አገር ከፊሉን መሬት ለብቻው ፓርክ አድርጎ በ1926 ከመክፈቱ በቀር ሌላ የተደረገ ነገር የለም። በ1952 ወይዘሮ ዶሮቲ ቡዌል አሸዋውን ለማዳን ማኅበር አቋቋሙ። የኢንዲያና ባለሥልጣኖች ለሕዝባቸው ሥራ የሚሰጥ ወደብና ፋብሪካ ይፈልጉ ስለ ነበር፥ ለኮረብታው የተሟገቱት የጎረቤቱ የኢሊኖይ ክፍለ አገር ሴናተር ፖል ዳግላስ ሆኑ። ለሥራ አጥ እንጀራ መሻትም የሚነቀፍ አሳብ አልነበረም፤ ክርክሩን ያስረዘመው ይኸው ነው። በኬኔዲ ዘመን ወደቡም ፓርኩም ይሁን ተብሎ ታረቁና ሕጉ በ1966 ወጣ። ከጉባኤው እስከ ሕጉ አምሳ ዓመት መሆኑ ነው። ሕጉ ሲደርስ ግን በመካከል የነበሩት ያማሩት ኮረብቶች ለብረት ፋብሪካ ተደልድለው፥ አሸዋቸው በኢሊኖይ ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውሃ መሙያ ተሽጦ ነበር። በሕግ የሚጠበቀው የተረፈው ብቻ ነው።

የዕርቁም ዋጋ እስከ ዛሬ ይከፈላል። የብሔራዊ ፓርክነት ስም በተሰጠበት በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፥ በርንስ ሃርበር ካለው የብረት ፋብሪካ ሳያናይድና አሞኒያ የተባሉ መርዞች ወደ ወንዝ ፈስሰው ሦስት ሺህ ያህል ዓሣ ሞተ፤ በአቅራቢያው ያለውም የሐይቅ ዳር ተዘጋ። ቤተሰቡን ይዞ የመጣው ሰው ከበሩ ተመለሰ። ስለዚህ ወደዚያ ለመሔድ የሚያስብ ሰው ስለ ድንኳኑና ስለ ስንቁ ከማሰቡ በፊት ውሃው ክፍት መሆኑን ከፓርኩ መሥሪያ ቤት ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከመርዙ ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን የአሸዋው ነገር ነው። ማውንት ባልዲ የተባለው ቁመቱ 38 ሜትር ያህል የሆነ ኮረብታ በየዓመቱ ከሜትር በላይ ወደ ምድር ውስጥ ይራመዳል። ድሮ ይህን ያህል አይራመድም ነበር፤ የጐብኚው እግር ሣሩን ስለ ጨረሰበት፥ ደግሞም የከተማይቱ የወደብ ግንብ ከምሥራቅ የሚመጣውን አሸዋ ስላገደበት ነው እንጂ። እየተራመደም የባሉጥ ዛፎችን ከነቁመታቸው ቀበረ። ዛፎቹ ውስጥ ውስጡን በስብሰው ሲያልቁ ባዶ ጉድጓድ ቀረ፤ ከላይ ለሚያይ ግን ደህና አሸዋ ነው። በሐምሌ 2013 አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ከቤተሰቡ ጋር ሲሔድ በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ገብቶ ሦስት ሜትር ያህል ወደ ታች ተቀበረ። ከሦስት ሰዓት በላይ ከተቈፈረ በኋላ ተስፋ በተቈረጠበት ጊዜ በሕይወት ወጣ። ኮረብታው ወዲያው ተዘጋ፤ ኋላ ወደ ውሃው የሚያወርደው መንገድ ሲከፈት፥ ወደ ጫፉ መውጣት ግን ከፓርኩ ጠባቂ ጋር ካልሆነ የማይፈቀድ ሆነ። በአጥር ላይ የተጻፈውን ክልከላ እያየ የሚሻገር ሰው ግን አልጠፋም።

የቀረው ዝግጅት ቀላል ነው። ከሺካጎ ወደ ምሥራቅ የሚሔደው ምድር ባቡር ከፓርኩ አጠገብ ያወርዳል፤ በሺካጎ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም መኪና ሳያስፈልጋቸው ማልደው ሔደው ማታ መመለስ ይችላሉ። የመንግሥቱ ፓርክና የክፍለ አገሩ ፓርክ ጎን ለጎን ቢሆኑም መሥሪያ ቤታቸው ልዩ ልዩ ስለ ሆነ በአንዱ የተከፈለው የመግቢያ ገንዘብ በሌላው አያገለግልም። ለማደር የሚፈልግ ሰው የድንኳን ስፍራውን አስቀድሞ ይያዝ፤ ስፍራው ጥቂት ነው፤ በብሔራዊው ፓርክም በውሃው ዳር ማደር ክልክል ነው። የሰሜን ነፋስ በነፈሰ ቀን ውሃው ዋናተኛውን ወደ መካከል ይስባልና፥ ዋና አውቃለሁ የሚለውም ቢሆን በዳር ቢቀመጥ ይሻለዋል። በክረምት በዳር ተከምሮ የሚታየው በረዶ መሬት ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ውሃ አለ።

አሸዋውን የሚይዘው ማራም የተባለው ሣር ነው። አሸዋ በላዩ ሲከመርበት ወደ ላይ እያደገ፥ ሥሩን በየአቅጣጫው እየዘረጋ ኮረብታውን አስሮ ያቆማል፤ የማይችለው የሰውን ኮቴ ብቻ ነው። የፓርኩ ሰዎች በማውንት ባልዲ ላይ ይህን ሣር በእጃቸው እንደ ገና ተክለዋል። ኮረብታው ግን አልቆመም፤ ከሥሩ ወዳለው ወደ መኪና ማቆሚያው መጠጋቱን አልተወም።